የአይሱዙ ድምፅ ያላት ሞተር ሳይክል

ይህ ጸሐፊ ወደ ቡለን የተጓዘው የአኩሪ አተርና የሰሊጥ ገበያ እንዴት እንደሰነበተ ለማየት እንጂ ስለ ጥሩምባ ለመጻፍ አልነበረም። ዳሩ ግን ገና ከመኪና ወርዶ አቧራውን ሳያራግፍ ከኋላው የአይሱዙ ክላክስ ሲያንባርቅበት ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ወደ ቦዩ ዘለለ። ዘወር ብሎ ቢያይ አይሱዙ የለም። ያለችው አንዲት ቦክሰር ሞተር ሳይክል ስትሆን፣ በላይዋ የተቀመጠው ከሃያ ዓመት እምብዛም የማያልፍ ወጣት ፈገግ ብሎ "ይቅርታ ጋሼ፣ ላድርስዎት?" አለ። ገና ሠላሳ ዓመት ላልሞላው ሰው ጋሼ መባሉም ከክላክሱ ያላነሰ ድንጋጤ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሞተረኞች ደንበኛ በሚጠብቁበት ጥግ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነገሩ የአንድ ልጅ ቀልድ አለመሆኑን ወዲያው ይረዳል። ከፋብሪካ ከወጣችበት ክላክስ ጋር የቀረች ሞተር ጥቂት ናት። አንዷ እንደ አውቶቡስ ታጓራለች፤ ሌላዋ እንደ አምቡላንስ ታላዝናለች፤ ሦስተኛዋ ዜማ ቢጤ አላት። ባለቤቶቹን "ለምን ቀየራችሁ?" ብለው ቢጠይቁ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ "የፋብሪካው አይሰማማ!"

እውነት አላቸው ወይስ የላቸውም? ነገሩ የገበያ ጥያቄ ስለሆነ የገበያ ሒሳብ ይገባዋል። ገንዘብ የሚወጣበት፣ ዕቃ የሚሸጥበት፣ ትርፍና ኪሳራ ያለበት ጉዳይ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ በምሥራቅ ከድባጤ፣ በምዕራብ ከወንበራ ይጎራበታል፤ በደቡብ ዐባይ አለ። የክልሉ ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከዐባይ ማዶ ስለሆነ፣ ለቡለን ነጋዴ የዕለት ተዕለት ገበያው አሶሳ ሳይሆን ቻግኒና እንጅባራ ነው ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሸቀጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲገባ ደግሞ መንገዱ መንገድ የሚባለው በበጋ ብቻ ነው። ታዲያ እህል ሰብሳቢው ከሚዛኑ ጋር፣ ነፍሰ ጡሯ ወደ ጤና ጣቢያ፣ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ደላላው ዋጋ ሊያጣራ፣ ሁሉም የሚሳፈረው ሞተር ላይ ነው። ሞተሯ በአጭሩ አንድ ሙሉ የንግድ ድርጅት ናት፤ ካፒታሏ፣ የሥራ ማስኬጃዋና የእርጅና ተቀናሿ ሁሉ በሁለት ጎማ ላይ የተጫነ።

የድርጅቷ ተፎካካሪ፣ አንዳንዴም ገዳይ፣ አይሱዙ ነው። በመኸር ወራት እህል ጭኖ በሚወርድ አይሱዙ ጀርባ የሄደ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል። አቧራው ግድግዳ ነው፤ ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍቷል፤ የጎን መስታወቱ አቧራ ለብሷል። ሞተረኛው ሊቀድም ፈልጎ የፋብሪካዋን ክላክስ "ጵጵ" ቢያደርጋት ከበረሮ ጩኸት አትሻልም። ወጣቱ ክላክስ ለመቀየር ሲወስን መነሻው ይህ ነው፤ እኛም አዲስ አበባ ተቀምጠን ልንስቅበት አይገባም።

ክላክስ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣልያኖች ነው። እነርሱ ደግሞ ከአሜሪካ ነው የወሰዱት፤ በኒው ጀርሲ ግዛት በኒውአርክ ከተማ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጠ የአንድ የመኪና ጥሩምባ የንግድ ስም ነበር። የንግድ ስም የዕቃው ስም እስኪሆን ድረስ የተሸጠ ጩኸት መሆኑ ነው። ገበያው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

አሁን ለሞተር የሚሸጡትን ሸቀጦች እንያቸው። አንደኛው ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል ግን ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ክላክስ ነው። ሁለተኛው በጥንድ የሚሸጠውና እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው ሲሆን፣ የአንዱ ድምፅ ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ሆኖ አንድ ላይ ሲነፉ የመኪና ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስተኛው የራሱ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያለውና በአየር ግፊት የሚጮኸው ነው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ለተመለከተ ሰው ግን ሁሉም ተአምር ናቸው። 150 ዴሲቤል የሚል አለ፤ 300 የሚልም አይጠፋም።

ዴሲቤል የድምፅ መለኪያ ነው። ልዩ ጠባዩ እንደ ኪሎ በመደመር አለመሄዱ ነው፤ 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮአችን በግምት እጥፍ ጩኸት ይሰማል። ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ደግሞ በሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን 28ኛው ደንብ ለትልልቅ ተሽከርካሪዎች የሚገጠም ክላክስ በ2 ሜትር ርቀት ሲለካ ከ105 እስከ 118 ዴሲቤል እንዲሆን ይወስናል። ጉልበታቸው ከ7 ኪሎ ዋት ለማይበልጥ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ዝቅተኛው 95 ነው። እንግዲህ በደንቡ መሠረት የተሠራ የጭነት መኪና ክላክስ እንኳ ከ118 አያልፍም። 300 ዴሲቤል የሚለው ካርቶን ሲጻፍ ሰውየው ምን እያሰበ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው።

አሁን ቁጥሮቹን ወደ ድባጤ መንገድ እንውሰዳቸው። ሒሳቡ ግርድፍ ነው፤ ነገር ግን ከካርቶኑ ይሻላል። 105 ዴሲቤል ያለው ክላክስ 32 ሜትር ርቀት ላይ ሲደርስ 81 ገደማ ይሆናል። መስኮቱ የተዘጋ የአይሱዙ ጋቢና ከዚያ ላይ 25 ዴሲቤል ቢያስቀር፣ ለሾፌሩ የሚደርሰው 56 ነው። የሞተሩና የሙዚቃው ጫጫታ ውስጡን 75 አድርጎት ከሆነ ሾፌሩ ምንም አይሰማም። 118 የሆነው ትልቁ ክላክስስ? እዚያው ርቀት ላይ 69 ሆኖ ይገባል። አሁንም አይሰማም!

ፊት ለፊት ለሚመጣ መኪና ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። አይሱዙው በሰዓት 50፣ ሞተሯ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ በእያንዳንዱ ሰከንድ 25 ሜትር ይቀራረባሉ። 32 ሜትር ማለት አንድ ሰከንድ ከትንሽ ነው። ክላክሱ ቢሰማ እንኳ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሳያነሣ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ "ፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ያድነኛል" ብሎ ትልቅ ክላክስ የገዛ ሞተረኛ የገዛው መጽናኛ ነው። ያንን ገንዘብ የፍሬን ሸራ ለመቀየርና የፊት መብራቱን ለማስተካከል ቢያውለው በሰከንድ ውስጥ የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል።

ከኋላ መጥቶ ለመቅደም ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ ከሞተረኞቹ ጎን ይቆማል። ከአይሱዙው ጋቢና 8 ሜትር ርቀት ላይ ሲደረስ የ105ቱ ክላክስ ጋቢና ውስጥ የሚገባው 68 ሆኖ ነው፤ በሙዚቃው ይዋጣል። የ118ቱ ግን 81 ሆኖ ይገባል፤ ሾፌሩ "ማነው?" ብሎ ወደ መስታወቱ ያያል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ለመሰማትም፣ ለመልቀቅም ጊዜ አለ። እንግዲህ የትልቁ ክላክስ ትክክለኛ ሥራ ይህ ነው፤ አቧራ ውስጥ ሆኖ የጭነት መኪናን መንገድ ማስለቀቅ። ሞተረኛው ተሳፋሪ አፈናጦ አቧራ ሲውጥ የሚውልበትን ጊዜ ላሰበ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ለከብትና ለእግረኛስ? ለነዚህ የፋብሪካዋ ድምፅ ይበቃል፤ ጋቢና የላቸውምና። እንዲያውም ትልቁ ጩኸት ጉዳት አለው። በድንገት የጮኸበት ወይፈን ከመንገድ ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ መንገድ ይገባል። ይህንን የነገረን ሞተረኛ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳይቶናል።

ሁሉም ሞተረኛ ክላክሱን የሚነፋው ለመቅደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፋችን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን አይደለም። ቡለን ከተማ ውስጥ ክላክስ ሌላ ሥራ አግኝቷል። ማስታወቂያ ሆኗል። እህል ሰብሳቢ ወደ ቀበሌ ሲገባ ከሩቁ ይነፋል፤ "ገዥ መጥቷል፣ ማዳበሪያችሁን አውጡ" ማለቱ ነው። ቀድሞ የተሰማው ቀድሞ ይመዝናል። ተሳፋሪ የሚጭኑትም ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው በድምፅ ይሻማሉ። አንዱ የአውቶቡስ ክላክስ ሲያስገጥም ሰሞነኛው ደንበኛ ወደ እርሱ ያዘነብላል። በሳምንቱ ሌላውም ያስገጥማል። በወሩ ሁሉም አስገጥመው ሁሉም ገንዘብ አውጥተዋል፤ የተሳፋሪው ቁጥር ግን ያው ነው። የመጀመሪያው ሰው ያገኘው ብልጫ ተንኗል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ከዚያ የበለጠ ይገዛል።

በገበያ ቦታ አንድ ሰው ለማየት ከመቀመጫው ሲነሣ ከኋላው ያለውም ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ቆመው ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ተቀምጠው ካዩት አይበልጥም። የክላክስ እሽቅድድም ይኸው ነው። በሌላው ዓለምም ብዙ ታይቷል። የሙምባይ ከተማ ፖሊስ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይፋ ባደረገው መላ፣ ቀይ መብራት ላይ የቆሙ አሽከርካሪዎች ጩኸት ከ85 ዴሲቤል ካለፈ የመብራቱ ቆጠራ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አድርጎ ነበር። ብትነፋ ትቆያለህ ማለት ነው። ቦክሰርና ቲቪኤስ የሚመረቱባት ህንድ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የተሽከርካሪዎች ደንብ ዜማ የሚቀያይሩና ጆሮ የሚሰነጥቁ ክላክሶችን ከልክላለች። የሞተሯ አገር የማይፈቅደውን ክላክስ ለሞተሯ የምንገጥመው እኛ ነን።

ወደ ወጪው እንመለስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወቃል። ክላክስም፣ ሽቦም፣ ባትሪም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ለሒሳብ እንዲመቸን አንድ ጥንድ ክላክስ ከማስገጠሚያው ጋር 2,000 ብር፣ የሞተረኛው የአንድ ጉዞ የተጣራ ትርፍ ደግሞ 50 ብር ነው እንበል። 40 ጉዞ ለክላክሱ ሄደ። ይህ የሚታየው ወጪ ነው። የማይታየው ከሽቦው በኩል ይመጣል።

የፋብሪካዋ ክላክስ ከ2 እስከ 3 አምፔር ብትወስድ ነው። የሽቦዋ ቅጥነት፣ የመንፊያዋ ቁልፍ ስስነት ሁሉ ለዚያ የተመጠነ ነው። ጥንዱ ቀንድ አውጣ እስከ 8 አምፔርና ከዚያም በላይ፣ የአየሩ ደግሞ 15ና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የአንዲት ትንሽ ሞተር ጄኔሬተር በጠቅላላው የሚያመነጨው ከ100 ዋት እምብዛም ስለማይርቅ 8 አምፔር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ የፊት መብራቱ 3 ይወስዳል። ቀሪው ከየት ይምጣ? ከባትሪው። ባትሪው ደግሞ የትንሽ ሬዲዮ ያህል ነው። ሽቦው ይግላል፤ ቁልፉ ይቃጠላል፤ ወይም ፊውዙ ይበጠሳል። ፊውዙ ሲደጋግም የተበጠሰበት ሞተረኛ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ያስረዋል። የሚቀጥለው ጭስ ነው።

በምሳሌያችን ሞተሯ ሽቦዋ ተቃጥሎ ሦስት ቀን ብትቆም፣ በቀን 10 ጉዞ ብታደርግ ኖሮ ሌላ 1,500 ብር ሄደ። የ40 ጉዞው ክላክስ የ70 ጉዞ ሆነ። መካኒክ በሌለበት ቀበሌ፣ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ? ያንን በብር የሚተምን ሰው አላገኘንም።

ደግሞም ሽቦው ቀጭን ሲሆን ክላክሱ ጋ የሚደርሰው ቮልት ስለሚያንስ ትልቁ ክላክስ ተወዝፎ ይጮኻል፤ ከፋብሪካዋ ባነሰ ድምፅ። ገዢው "የቻይና ነው፣ አጭበረበሩኝ" ብሎ ሌላ ሊገዛ ይመለሳል። ችግሩ ግን ክላክሱ ላይ አልነበረም። መፍትሔው ሪሌ የምትባለው ትንሽ ዕቃ ናት። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝ በኩል ወደ ክላክሱ ይሄዳል፤ የመሪው ቁልፍ ሪሌዋን ብቻ ያዝዛል። ዋጋዋ ከክላክሱ በብዙ ያነሰ ሆኖ ሳለ ከክላክሱ ጋር አብራ የምትሸጠው በስንት አንዴ ነው። ብዙ ገዢም መኖሯን አያውቅም።

ይህንን ሁኔታ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ ከሚያውቀው ጽሑፍ ጋር ማያያዝ ይቻላል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ የጻፈውና በ2001 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ሐሳብ ቀላል ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ጥሩውንም መጥፎውንም በመጥፎው ዋጋ ይገምታል፤ ጥሩ ዕቃ ያለው ነጋዴ በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማይችል ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ሁሉም ካርቶን 150 ዴሲቤል ከጮኸ፣ በእውነት 115 የሆነውን ሐቀኛ ክላክስ ማን ይገዛዋል? አስመጪዎቻችንና የሶማሌ ተራ ቸርቻሪዎች ይህንን እንዲያስቡበት እንፈልጋለን። ዛሬ በካርቶን ጽሑፍ የተሸጠው ክላክስ ነገ የሪሌውን፣ የሽቦውንና የጥሩውን ክላክስ ገበያ ይገድላል። ክላክስ፣ ሪሌ፣ ፊውዝና የተመጠነ ሽቦ በአንድ ከረጢት አድርጎ፣ እውነተኛውን ቁጥር ጽፎ፣ የመግጠሚያ ሥዕል ጨምሮ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ቻግኒ ላይ ስሙን ይተክላል። በዚህ ረገድ ያለው ክፍተት ለአነስተኛ ካፒታል የሚመች ይመስለናል።

ለመሆኑ ክላክሱን ያልገዛው የከተማው ሰውስ? እርሱም ከፋይ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ውጫዊ ወጪ ይባላል፤ በቡለን ቋንቋ እንቅልፍ ማጣት ነው። የድምፅ ገደብ ያለ ሕግ የተተወ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዝዛል፤ በዚያው ዘመን የወጣው የፌዴራል መመሪያም ለመኖሪያ መንደር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ያስቀምጣል። ሞተረኛው ራሱም ከክላክሱ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው የሚቀመጠው። የጤና ባለሙያዎች 100 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ መጋለጥ ለጆሮ አደገኛ ነው ይላሉ። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ የሚነፋ ሰው ያንን ያህል አያጠራቅምም ማለት አይቻልም።

እዚህ አገር ደግሞ ጥሩምባ ከዴሲቤል በላይ የሆነ ትርጉም አለው። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ የዕድሩ አባል ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ወይም ደግሞ ድረሱልኝ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚሁ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታውቋል። ጥቃቱ የደረሰው ሰው በመኝታው ሳለ ሊነጋጋ ሲል ነበር። ብዙዎች ያን ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ይህንን ያለፈ ሰው ሌሊት ድንገት የሚያንባርቅ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያልነበረበት ሰው ሊተምንለት አይችልም። በሻይ ቤቱ አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ሞተሯ ስትጮህ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው በሩን ያዩ ነበር። ሞተረኛው ወጣት የልጅ ልጃቸው ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ተሳፋሪ ነው የሚጠራው።

ታዲያ ይከልከል? አንዳንዶች ይህንን ይላሉ። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። እገዳው ግን ቀማኛውንም፣ ዕቃ አድራሹንም አንድ ላይ ነው ያቆመው፤ ኋላ ላይ ተደራጅተውና ተመዝግበው እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ብዙ ገቢ ካጡ በኋላ ነው። ትምህርቱ ለቡለን ሞተረኞችም ይሠራል። ራሳቸው ልክ ካላበጁለት ሌላ ሰው በጅምላ ያበጅላቸዋል። እነርሱ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ዕቁብ አላቸው፤ ተራ የሚያስከብር ሰው አላቸው። ከተማ ውስጥ በፋብሪካዋ ድምፅ ብቻ ለመሥራት በአንድ ስብሰባ ቢስማሙ፣ ማንም ከማንም ሳይበልጥ ሁሉም ገንዘቡን ያተርፋል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ግን ተሳፋሪውን ያጣል፤ ስለዚህ ብቻውን ስላላደረገው አንወቅሰውም።

የቴክኒኩ መፍትሔ ደግሞ ቀላል ነው፤ አንዳንድ አስተዋይ ሞተረኞች ጀምረውታል። የፋብሪካዋን ክላክስ አይፈቱም። ትልቁን በሌላ ቁልፍ ለብቻ ያስገጥማሉ፤ ትንሿ ለከተማና ለከብት፣ ትልቁ ለአይሱዙ። አፉ ወደ ታች እንዲያዘነብል ማሰርም ይገባል፤ የመተከል ክረምት ቀልድ ስለማያውቅ ወደ ላይ ያየ ክላክስ ሰኔ ላይ ውኃ ይጠጣል።

ነገ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲበዛ ነገሩ ይረግባል የሚሉም አሉ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ብዙ አስመጪ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሩ እውነት ነው። ለክላክስ ግን ተቃራኒው ሳይሆን አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የላትም፤ እግረኛው ስትመጣ አይሰማትም፤ ስለዚህ ነጂው ከበፊቱ አብዝቶ ይነፋል። ለመብራትና ለክላክስ የሚሆነውን 12 ቮልት የሚሰጠው ክፍሏ ደግሞ አቅሙ የተወሰነ ነው። እዚያ ላይ 15 አምፔር የሚጎትት ጥሩምባ የሚያስር ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም።

ከቡለን በወጣንበት ማለዳ የመካኒኩ በር ላይ ያ የመጀመሪያ ቀን ያስደነገጠን ወጣት ቆሞ አገኘነው። ክላክሱ ድምፁ ከድቶታል።

"ጋሼ፣ የአየሩን ግጠምልኝ፤ ይኼ ሞተ" ይላል መካኒኩን።

"አልሞተም። ሞተሩን አስነሣ፣ በቀስታ ይዙር። መብራቱን አብራ። አሁን ንፋው።"

ወጣቱ ነፋ። የፊት መብራቱ እንደ ሻማ ተንጠፍጥፎ ወደ ቢጫ ሄደ።

"አየህ? የተራበው ሽቦህ ነው" አለ መካኒኩ። በመቀጠልም የጓሮውን ማያያዣ ፈትቶ ዝገቱን በወረቀት ሸራ ፋቀው፤ ከክላክሱ ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ሩብ ዙር ጠመዘዛት። እንደገና ሲነፋ በደጁ ያለፈች አህያ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ወጣቱ አየሩን ትቶ ሪሌ እንዲያስመጣለት ቀብድ ከፍሎ ሄደ፤ መካኒኩ በሚመጣው ማክሰኞ ከቻግኒ እንደሚደርስ ነግሮታል።